ከክብደት መቀነሻ ኦፕሬሽን በኋላ ሄርኒያ ለምን ይመጣል? ጥያቄና መልስ

አብሽሩ ወሎዬዎች! የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ፤ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ሄርኒያ ማለት አንጀት ወይም የሆድ ውስጥ ስብ በሆድ ግድግዳ ክፍተት ገፍቶ ሲወጣና ሲያብጥ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኔ የተሠራሁት በትንንሽ ቀዳዳ ነው። ያሰጋኛል?

ያሰጋል፣ ግን በጣም ያነሰ ነው። ሆድ መሃል ለመሃል ተከፍቶ ሲሠራ ከ5 ሰው አንዱ ድረስ ሊያጋጥመው ይችላል። በቀዳዳ ሲሠራ ደግሞ ሰፋ ያለችውን፣ በተለይ የተቆረጠው ጨጓራ የወጣባትን ቦታ ተከታተያት።

ጥያቄ፦ ዋናው መንስኤ ምንድን ነው? ጀሪካን መሸከም ነው አይደል?

ሁሉም ጀሪካኑን ይከሳል! ቁስሉ ካመረቀዘ ግን ከጀሪካኑ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቆዳው ቢገጥምም ከሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ሳይያያዝ ይቀራል፣ አንጀት በዚያ ክፍተት ይገፋል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ በቀላሉ ያመረቅዛል። ሲጋራም ቁስል እንዳይሽር ያደርጋል፤ ቢያንስ ከኦፕሬሽኑ 4 ሳምንት በፊት አቁሙ። የደሴ ብርድ የሚያመጣውን ሳል ችላ አትበሉ፣ ስታስሉ ቁስሉን በትራስ ደግፉት። በአንድ ቦታ ደጋግሞ መከፈትና እንደ ፕሬድኒሶሎን (ለአስምና ለመሳሰሉት የሚታዘዝ) ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድም አሉበት። ጀሪካኑም ነፃ አይደለም፦ 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሌላ ሰው ይቅዳ።

ጥያቄ፦ እናቴ በመቀነት ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው ትለኛለች።

እናትሽ ለአንቺ ብላ ነው። ሕመሙን ያስታግስልሻል፣ ሄርኒያን ግን ይከለክላል ብለሽ አትተማመኚ።

ጥያቄ፦ ጾምስ? ረመዳንስ?

ጨጓራው ስላነሰ የምትበሉት ጥቂት ነው፤ ፕሮቲን ካጣ ቁስሉ በምን ይሽራል? በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። ያንን በምስርና በሽሮ ብቻ መሙላት ከባድ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪማችሁን፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኹን አማክሩ።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ሽንት ቤት ስታምጥ ጫናው ቁስሉ ላይ ነው። ተወው ወንድሜ።

ጥያቄ፦ እብጠት አየሁ፣ ስተኛ ይጠፋል።

ቀጠሮ ያዝና ታይ። ከደደረ፣ ካልተመለሰ፣ ካመመህና ካስመለሰህ ግን ቀጠሮ የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ሂድ፣ አንጀቱ ታንቆ ይሆናል። የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራው አንሶ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚገናኝበት ኦፕሬሽን) የተሠራላችሁ ደግሞ እብጠት ሳይታይም አንጀት ውስጥ ለውስጥ ሊሾልክ ይችላል፣ በተለይ ብዙ ኪሎ ከቀነሳችሁ በኋላ። ቁርጠት እየመጣ እየሄደ ካስቸገራችሁ «ባይፓስ ተሠርቶልኛል» ብላችሁ ገና ካርድ ስታወጡ ተናገሩ።