ቀጋ ነው ወይስ አጋም?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ አጥራችን ላይ ነጭ አበባ ያለው እሾሃም ቁጥቋጦ በቅሏል። እናቴ ቀጋ ነው ስትል ጎረቤታችን አጋም ነው ይላሉ። በምን ልለየው? እንዴትስ ላባዛው?

መልስ፦ ቅጠሉን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ የቀጋ ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ፣ ጫፉ ላይም አንድ ብቻውን የቆመ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ትንንሽ ቅጠሎችን የያዘ ሲሆን፣ የአጋም ቅጠል ግን ነጠላና ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ቀንበጡ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ያወጣል። የቀጋ እሾህ ቆልመም ያለ፣ ፍሬውም ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ ነው፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር ልጆች ሥጋውን ብቻ እንዲበሉ ይንገሯቸው። ቀጋ የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ በመሆኑ እባክዎ አይመንጥሩት። ዘሩ ለመብቀል ስለሚዘገይ፣ እርሳስ የሚያህል ቁራጭ በሰኔ ዝናብ መትከል ይሻላል።