አንዱ ካርድ አልፎ ሌላው ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ 12 ክፍሎች ያሉት ፔንሲዮን አለኝ። አብዛኞቹ እንግዶቼ የቡና ነጋዴዎችና ለዩኒቨርሲቲው ሥራ የሚመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ የውጭ ዜጎችም ያርፋሉ። ባለፈው ወር አንድ የውጭ እንግዳ ሒሳብ ሊከፍሉ ካርዳቸውን ፖስ ማሽኑ ውስጥ ቢያስገቡ አልቀበልም አለ፤ ሌላ ምልክት ያለበት ካርድ ሲያወጡ ግን ደረሰኙ ወዲያው ወጣ። ማሽኑን የሰጠንን ባንክ ብጠይቅ «የኔትወርክ ችግር ነው» ከማለት በቀር ያስረዳኝ የለም። ልጄ ቪዛ ከማስተርካርድ ይሻላል ትላለች፤ ጎረቤቴ ያሉ ባለሆቴል ደግሞ አሜሪካን ኤክስፕረስ የያዘ እንግዳ ሀብታም ነው ይሉኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? እኔስ ባንኩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ከልጅዎ አባባል ልነሳ። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ለእንግዳዎ ገንዘብ አያበድሩም፤ የማንንም ሒሳብ አይከፍቱም፤ ካርዱንም የሚሰጡት እነርሱ ሳይሆኑ ባንኮች ናቸው። የሁለቱ ሥራ የእንግዳውን ባንክና የእርስዎን ባንክ ማገናኘት፣ ደንብ ማውጣትና በመጨረሻም ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል ማስላት ነው። አወላለዳቸውም ተመሳሳይ ነው። ቪዛ የመነጨው ባንክ ኦፍ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ ካወጣው ካርድ ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1976 ነው፤ ማስተርካርድ ደግሞ ያንን ካርድ ለመፎካከር በ1966 የተሰባሰቡ ባንኮች ያቋቋሙት ማኅበር ነበር። ስለዚህ ለአንድ ፔንሲዮን ባለቤት በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ ያለው ከምልክቱ ጀርባ ባሉት ባንኮች ላይ ነው።

እንግዳዎ ካርዱን ሲያስገቡ የሆነውን እንከተለው። ማሽኑ የካርዱን ቁጥር ከቺፑ አንብቦ ከገንዘቡ መጠን ጋር ወደ እርስዎ ባንክ ይልካል። ባንክዎ የቁጥሩን መጀመሪያ ይመለከታል፦ በ4 ከጀመረ ቪዛ ነው፤ ከ51 እስከ 55 ወይም ከ2221 እስከ 2720 ባለው ከጀመረ ማስተርካርድ ነው። ከዚያም ጥያቄው በዚያው ድርጅት መስመር አልፎ እንግዳው ሒሳብ ወዳላቸው ባንክ ይደርሳል፤ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ያ ባንክ ነው፤ መልሱም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ጠረጴዛዎ ላይ ይደርሳል። ከዚህ ረጅም ጉዞ አንዱ ቦታ ላይ ቢቋረጥ እርስዎ የሚያዩት ያው «አልተፈቀደም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ማሽኖች ከቃሉ ጋር ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ያሳያሉና ከእንግዲህ እርሱን ይመዝግቡ። 51 ማለት በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው፤ 54 የካርዱ ጊዜ ማለፉን፣ 55 የሚስጥር ቁጥሩ መሳሳቱን፣ 91 ደግሞ ካርዱን የሰጠው ባንክ ሊገኝ አለመቻሉን ያመለክታል። 05 የሚለው ከሁሉም ያበሳጫል፤ ያ ባንክ ምክንያቱን ሳይናገር እምቢ ማለቱ ነውና። ብዙ ጊዜ ደንበኛው አገር መቀየሩን ሳያሳውቅ ሲቀር ይህ ይደርሳል። የእርስዎ እንግዳ ሁለተኛ ካርድ ወዲያው ማለፉ ከማሽንዎ እስከ ባንክዎ ያለው መስመር እየሠራ እንደነበር የሚያሳይ ስለሆነ፣ «የኔትወርክ ችግር» የሚለው መልስ ለእኔ አጥጋቢ አይደለም። ወይ የመጀመሪያው ካርድ ምልክት በማሽንዎ ላይ አልተከፈተም፣ ወይ የእንግዳው ባንክ ከልክሏል ወይም በዚያ ሰዓት ሊገኝ አልቻለም።

አሜሪካን ኤክስፕረስን በተመለከተ ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም፤ ነገር ግን ዝናው ከካርዱ ይበልጣል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1850 ዕቃና ገንዘብ አመላላሽ ሆኖ ተቋቁሞ በ1958 ካርድ ማውጣት ሲጀምር፣ ከቪዛና ከማስተርካርድ በተለየ ራሱ ካርድ ሰጪ፣ ራሱም አገናኝ ሆነ። በመሆኑም ከነጋዴው የሚቆርጠውን ራሱ ይወስናል፤ ለረጅም ዘመንም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ኮሚሽን በማስከፈል ይታወቅ ነበር። በብዙ አገሮች ግን ከባንኮች ጋር ይሠራል፤ በእኛ አገር አጋሩ ዳሸን ባንክ ነው። ካርዱን ለመለየት ቀላል ነው፦ ቁጥሩ 15 አሃዝ ብቻ ሲሆን በ34 ወይም በ37 ይጀምራል።

የቻይና ዜጎች ካረፉብዎ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመውና ቁጥሩ በአብዛኛው በ62 የሚጀምረው የቻይናው የካርድ ድርጅት ዩኒየንፔይ ያስፈልግዎታል። ሌሎቹን የካርድ ድርጅቶች፣ የጃፓኑን ጄሲቢ፣ ዲስከቨርንና ዳይነርስ ክለብን ለጊዜው ይተዉአቸው።

አሁን ወደ ባንኩ እንሂድ። በመጀመሪያ በማሽንዎ ላይ የተከፈቱት ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ቀጥለው ለአገር ውስጥ ካርድና ለውጭ ካርድ የሚቆረጠውን ኮሚሽን ለየብቻ ይጠይቁ፤ በውጭ ካርድ ላይ ከሚቆረጠው ትልቁ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ለእንግዳው ባንክ የሚሄድ ነው። ለስሌት ያህል ኮሚሽኑ ከመቶ 3 ቢሆን ከ2,000 ብር የአልጋ ሒሳብ 60 ብር ይቀነሳል ማለት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ዋጋ መተመን አይገባም። ገንዘቡ በስንት ቀን ሒሳብዎ ውስጥ እንደሚገባም ይጠይቁ። የባንኮቻችንን የአገር ውስጥ ካርዶች የሚያገናኘው ኢትስዊች ስለሆነ፣ የቡና ነጋዴዎቹ «ኤቲኤም» የሚሉት ካርድ ከላይ ያለውን ረጅም ጉዞ አይጓዝም።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ወይም መስመር ተቋርጦ ደረሰኝ ሳይወጣ ቢቀር፣ ወደ ባንኩ ደውለው ሳያጣሩ ካርዱን ዳግመኛ አያስገቡ፤ ከእንግዳው ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። የተፈረመውንም ደረሰኝ ቢያንስ ለ6 ወር ያስቀምጡ፤ ካርድ ባለቤቱ አገሩ ከገባ በኋላ «አልከፈልኩም» ብሎ የሚያቀርበው ቅሬታ በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ይስተናገዳልና፣ ማስረጃ ከሌለዎት ገንዘቡ ከሒሳብዎ ተመልሶ ይወሰዳል። በእንግዳ መቀበያው መስታወት ላይ የሚለጥፉትም ባንኩ በጽሑፍ ያረጋገጠልዎትን ምልክት ብቻ ይሁን፤ እንግዳው ሒሳቡን በምን እንደሚከፍል ክፍሉን ከመያዙ በፊት ይወቅ።