«ቅጹ አልደረሰንም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያገኙት ኤስኤስአይ (የአሜሪካ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ቅጹን ሞልታችሁ በፖስታ ልካችኋል፤ አሁን ክፍያውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ «የጠየቅነው መረጃ ስላልደረሰን ክፍያው ይቆማል» የሚል ደብዳቤ ጽፎላችኋል። አንቺ የጠየቅሽው መላካችሁን በምን እንደምታስረጂ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ እላለሁ። ቅጹ ተልኳል አልተላከም የሚለው ክርክር ሊቆይ ይችላል፤ የእናትሽ የቤት ኪራይ ግን አይቆይም። ስለዚህ በመጀመሪያ ክፍያው እንዳይቋረጥ አድርጊ።

የታናሽ ወንድሜን ጉዳይ ለዓመታት የምከታተለው እኔ ነኝ። የእሱም የእድሳት ቅጽ ከፖስታ ቤቱና ከቢሮው መካከል የት እንደቀረ ሳይታወቅ ጠፍቷል። ክፍያው ሳይቆም የቀጠለው የላክንበትን ማስረጃ ስላገኘን አይደለም፤ ይግባኙ በጊዜው ስለገባ ነው።

አሁን ደብዳቤውን አውጪና የተጻፈበትን ቀን ተመልከቺ። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ። ይህንን ሁሉም ያነባል፤ አንብቦም ይረጋጋል። ከዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ሌላ አጭር ገደብ አለ፤ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላችሁ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ የኤስኤስአይ ክፍያው በነበረበት ይቀጥላል። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳችሁ ጀምሮ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ በተጻፈ በ5ኛው ቀን እንደደረሳችሁ ይቆጥራል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ተነስተሽ 15 ቀን ቁጠሪ። ዘግይቶ ከደረሰ ፖስታውን አትጣይው፤ ላዩ ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማህተም ይጠቅምሻል።

መረጃ አልደረሰንም በሚል ምክንያት ለሚቋረጥ ኤስኤስአይ ይግባኝ የሚጠየቅበት ቅጽ ቁጥሩ 561 ነው። ደብዳቤው «ጤናዎ ተሻሽሏል፣ ከእንግዲህ አካል ጉዳተኛ አይደሉም» የሚል ቢሆን ኖሮ ቅጹ 789 ይሆን ነበር፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ምክንያቱን ስትጽፊ አታርዝሚው፦ ቅጹን በዚህ ቀን ልከናል፣ አሁንም ሌላ ሞልተን አያይዘናል፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ክፍያው እንዲቀጥል እንጠይቃለን። ይህ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ከእናትሽ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት፤ በመጨረሻ ይግባኙ ውድቅ ከሆነ በመካከሉ የተከፈለውን ገንዘብ መልሱ ሊባሉ ይችላሉ። ያኔም ዕዳው እንዲሰረዝላቸው ማመልከት ይችላሉ። በእኔ እምነት ቅጹን በእውነት ለላከ ሰው ይህ ስጋት ገቢ አጥቶ ከመቀመጥ አይከብድም።

10 ቀኑ አልፎ ከሆነም ይግባኙን አስገቢ። 60 ቀኑ እንኳ ቢያልፍ በቂ ምክንያት ካለ ይቀበላሉ፤ ከባድ ሕመም፣ የደብዳቤው አለመድረስ፣ እንግሊዝኛ አለማወቅ በደንቡ ውስጥ ከሚታዩት ምክንያቶች መካከል ናቸው። እናትሽ ደብዳቤውን ማንበብ ካልቻሉ ይህንኑ ጻፊ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ማድረግ የሌለብሽ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፦ ኤስኤስአይ ተቋርጦ 12 ተከታታይ ወራት ከቆየ ፋይሉ ይዘጋና እንደ አዲስ ማመልከት ግድ ይሆናል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ቅጂ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ቅጹን እንደገና ሙሉት። የጠፋውን ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። ሁለት ቅጂ አድርገሽ አንዱን ለቢሮው ስጪ፣ ሌላው ላይ የተረከቡበትን ቀን የሚያሳይ ማህተም እንዲያደርጉልሽ በትህትና ጠይቂ። ይህ ማህተም ከማንኛውም ቃል ይበልጣል። መሄድ ካልቻላችሁ አገራችን አደራ ደብዳቤ እንደምንለው ሁሉ እዚህም ሰርቲፋይድ ሜይል የሚባል አለ፤ ከመረከቢያ ካርዱ ጋር ላኪው፣ ተቀባዩ የፈረመበት አረንጓዴ ካርድ ቤትሽ ይመለሳል። የዜግነት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ዋናውን በፖስታ አትላኪ፤ በአካል አሳይተሽ ይዘሽው ተመለሺ።

«ጠፋ» የሚባለው ወረቀት አንዳንዴ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። ረጅሙ የሕክምና እድሳት ቅጽ 454 የሚሰጠው ለአካባቢያችሁ ቢሮ ነው። አጭሩ 455 ግን የሚላከው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዊልክስ ባሬ ወደሚገኝ ማዕከል ነው፤ ስለዚህ የአካባቢው ቢሮ ሠራተኛ አላየሁትም ቢልሽ አይግረምሽ። የሕክምናውን ውሳኔ የሚያጠናው ደግሞ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው። እነሱ ወረቀት ሲጠይቁ ባርኮድ ያለበት ገጽ አብረው ይልካሉ፤ በፖስታም በፋክስም ስትመልሺ ያ ገጽ ከላይ መሆን አለበት። ያለ እሱ የሄደ ወረቀት የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

የእኛ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እናትሽ በሆስፒታሉ በአያታቸው ስም፣ በሶሻል ሴኩሪቲ በአባታቸው ስም ተመዝግበው ሊሆን ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ቦታ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ ሌላው ቦታ ይጎድላል። አንቺና እናትሽም የምትጠሩበት የመጨረሻ ስም ስለሚለያይ ልጅ መሆንሽ በወረቀት አይታይም። ስለዚህ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳትለውጪ ተጠቀሚ፤ ስማቸውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ጻፊ።

በስልክ ስትደውሉ (1-800-772-1213) እናትሽ አጠገብሽ ይሁኑ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ስለ ፋይላቸው አይነግሩሽም። በነጻ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው ነው፣ አንቺ እንድታስተረጉሚ አትገደጂም። እኔ በበኩሌ አስተርጓሚውን እመርጣለሁ፤ ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም ስለ ሕመሙ ብዙ ነገር በይሉኝታ ይዘለላል። የደወልሽበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረሽን ሠራተኛ ስምና ያለሽን መዝግቢ።

እናትሽ በዚህ መካከል ወደ ኢትዮጵያ ሄደው ከነበረ ለሶሻል ሴኩሪቲ ንገሪ። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን መቆየት ኤስኤስአይን በራሱ ያቋርጣል፤ ተመልሰውም 30 ተከታታይ ቀን መቆየት አለባቸው። ከጠፋው ቅጽ ጋር የማይገናኝ ጉዳይ ስለሆነ አንዱን በሌላው አትሸፍኑ። ሜዲኬይዳቸውንም (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ለይተሽ አጣሪ፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ከኤስኤስአይ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ መልስ ካጣሽ በከተማችሁ ያለውን ነጻ የሕግ እርዳታ ድርጅት ጠይቂ። የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮም እናትሽ የፈቃድ ቅጽ ከፈረሙለት ጉዳዩን ይጠይቅላችኋል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ይህ ከዕለት ሥራቸው አንዱ ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀንና ምክንያት ብትጽፊልኝ የትኛው ቅጽ እንደሚያስፈልጋችሁ አብረን እናያለን። ፎቶ ካነሳሽው ግን የእናትሽን ስም፣ አድራሻና ቁጥር ሸፍኚው።