ጀርባውን በእጃችሁ እዩት

ውድ ልጆቼ፣

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ለተመደባችሁ አዳዲስ ነርሶች ነው የምጽፈው። ቬንቲሌተሩንና ሞኒተሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ ጀርባ ነው፤ ተኝቶ የማይገላበጥ ሕመምተኛ ላይ ስለሚወጣው የአልጋ ቁስል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የመኪና አደጋ የደረሰበት ልጅ ነበረን። ማደንዘዣ ላይ ነው፤ አይናገርም፣ አይገላበጥም። ሌሊት አንሶላ ስቀይር ከወገቡ በታች፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ቆዳው ጠቆር ብሏል። የተማርኩት “ሲቀላ ተጠንቀቁ” የሚል ነው። አልቀላም። ቻርቱ ላይ “ቆዳው ደህና ነው” ብዬ ጻፍኩ። በ3ኛው ቀን ቦታው ተላጠ፤ ከዚያ ጎደጎደ። ልጁ ከአደጋው ተረፈ። ከቁስሉ ጋር ግን ወራት ታገለ። ፋሻው ሲፈታ እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

የተማርንበት መጽሐፍ ነጭ ቆዳ እየታየ የተጻፈ ነው። የእኛ ሰው ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ዳስሱ። ከአካባቢው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ ላልቷል? “የአልጋ ቁስል” የሚለው ስም ራሱ ያዘናጋል፤ ቁስል እስኪወጣ ያስጠብቃል። አሜሪካ ያሉ የዘርፉ ባለሙያዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ስሙን ከ“ቁስል” ወደ “ጉዳት” የቀየሩት ቆዳው ሳይከፈትም ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ነው።

በየ2 ሰዓቱ አዙሩ የሚባለው መነሻ ነው። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሲዞር የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ እሱን በጥቂት በጥቂቱ አንቀሳቅሱት እንጂ አትተዉት። ስታዞሩ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፤ ሙሉ በሙሉ በጎኑ ከተኛ ዳሌ አጥንቱ ላይ ያለው ቆዳ ይጎዳል። ወደ ትራሱ አትጎትቱት። አጥንቱ ሲሄድ ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል። ለሁለት ሆናችሁ በአንሶላ አንሱት።

ተረከዝ ሥር ውሃ የተሞላ ጓንት የማስገባት ልማድ አለን። እባካችሁ ተዉት። ጫናውን ያቺው ትንሽ ቦታ ላይ ይሰበስበዋል። ትራስ ከሌለ የቤተሰቡን ጋቢ አጣጥፋችሁ ባቱ ሥር አድርጉ። ተረከዙ ፍራሹን መንካት የለበትም፤ መዳፋችሁ በመሃል ማለፍ አለበት። ዘመድ በቅባት ልሸው ካለ በአክብሮት ከልክሉ፤ የተጎዳ ቦታ ሲታሽ ይብሳል። የኦክስጅን ገመዱ ያረፈበትን የጆሮ ጀርባም አትርሱ።

ርክክብ ላይ ደግሞ ወረቀት ብቻ አትቀባበሉ። “ሲስተር፣ ነይ አብረን እንየው” በሉ። ገልብጡት፤ ሁለታችሁም ንኩት። ያን ዕለት ጠዋት ተረካቢዬን እንዲህ ብያት ቢሆን፣ እኔ ያለፍኩትን እሷ በእጇ ታገኘው ነበር።