ገደል ላይ ምስል ይቀረጽ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን፣ የአባይን ሸለቆ በሚያይ ገደል ላይ የአርበኞች ፊት በግዙፉ ተቀርጾ ጎብኚ ይሳብበት የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ግማሾቻችን «ተፈጥሮውን ማበላሸት ነው» ስንል ሌሎቹ «ላሊበላስ ከአለት አልተፈለፈለም ወይ?» ይሉናል። ማን ነው ልክ? (ከደጀን)

መልስ፦ ላሊበላ ለዚህ ምስክር አይሆንም። ቤተ ጊዮርጊስ የተፈለፈለው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ ጠርዙ ጋ እስኪደርሱ አይታይም። የእናንተን ሐሳብ የሚመስለው የአሜሪካው ራሽሞር ተራራ ነው። ከ1927 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) የአራት ፕሬዚዳንቶች ፊት እያንዳንዱ 18 ሜትር ገደማ ሆኖ ተቀርጾበታል። ከተራራው ከ400 ሺህ ቶን በላይ ድንጋይ ተነሣ፤ አብዛኛው በድማሚት ነው። ፍርስራሹ ዛሬም ከምስሎቹ ሥር ተከምሮ ይታያል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎችም ተራራው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተዋዋልነው በ1868ቱ ውል የእኛ ነው እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ በእኛ እምነት ያበላሻል። የሚያበላሸውም ፊቱ ብቻ አይደለም። ስሌቱን እንየው። 18 ሜትር ቁመት፣ 12 ሜትር ወርድ፣ በአማካይ 3 ሜትር ጥልቀት ቢቆረጥ 648 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ጥቁር ድንጋይ በሜትር ኩብ 2.8 ቶን ያህል ስለሚመዝን 1,800 ቶን፣ 20 ቶን በሚጭን መኪና 90 ጭነት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደክሞበት ምስሉን ከ1 ኪሎ ሜትር ሲያዩት፣ ክንድዎን ዘርግተው ከሚያዩት የአውራ ጣትዎ ወርድ ግማሽ ቢያህል ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር፣ ይህንኑ ያህል እንዲታይ ቁመቱ 90 ሜትር መሆን አለበት። ቁመት 5 እጥፍ ሲያድግ ወርዱና ጥልቀቱም አብረው ስለሚያድጉ የሚነሣው ድንጋይ 125 እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ወዴት ይጣላል? ቁልቁል ከተለቀቀ ቁጥቋጦውንም ምንጩንም ይቀብራል፤ ወደ ላይ ይውጣ ከተባለ ገደሉን የሚቆርጥ መንገድ ይጠይቃል።

የድንጋዩ ጠባይም አያግዝም። ራሽሞር ግራናይት ሆኖ እንኳ ጄፈርሰን መጀመሪያ ከዋሽንግተን ቀኝ ተጀምሮ አለቱ ስንጥቅ ሆኖ ተገኘና በድማሚት ፈርሶ ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ። የሸለቆው አፋፍ ግን ባዛልት (ጥቁር ድንጋይ) ነው፤ ተደራርቦ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ቁልቁል የተሰነጠቀ። አንዱ ዓምድ ድጋፉን ካጣ አፍንጫም ቅንድብም ይዞ ይወርዳል። በድርብርቡ መካከል ያለው ቀይ አፈር ደግሞ የክረምቱ ውኃ ሲያገኘው ይለሰልሳል። ወረድ ሲሉ የሚገኙት የኖራ ድንጋይና ጀሶ በውኃ ይሟሟሉ። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የሚወስደው መንገድ በመሬት መንሸራተት ስንቴ እንደተጎዳ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ክርክሩ ካልበረደ ሁለት ነገር ይሞክሩ። በሰኔ መጀመሪያ በገደሉ ስንጥቆች ላይ ቀጭን መስታወት አግድም በሲሚንቶ ለጥፈው ቀን ይጻፉበት፤ ጀሶ ግን ዝናብ ስለሚያጥበው አይሆንም። በመስከረም መስታወቱ ተሰብሮ ከተገኘ አለቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሐሳቡ እዚያው ላይ ይቁም። አለቱን በመዶሻ ሲመቱትም ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ከታፈነ ውስጡ ልል ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም ከመጀመሪያው ድማሚት በፊት ይሠራል እንጂ በኋላ አይደለም።

አርበኞቹን ማክበር ከተፈለገ አስቀድሞ ከተከፈተ የድንጋይ ካባ ስንጥቅ የሌለበት ድንጋይ መርጦ ከ2 እስከ 3 ሜትር ሐውልት ቀርጾ ከተማው ውስጥ ማቆም ይሻላል። ከተሳሳተም ይነሣል።

ጥያቄ፦ ኮረብታ ላይ የከተማችንን ስም በነጭ ብንጽፍስ? (ከሞጣ)

መልስ፦ ቀለም አለቱ ላይ አይቀቡ። ልቅ ድንጋይ ደርድረው ኖራ ይቀቡት፤ ሲጠላ ይለቀማል። ከ1 ኪሎ ሜትር በምቾት እንዲነበብ ፊደሉ 8 ሜትር ገደማ ይሁን፤ ዳገቱ የተኛ ከሆነ ከታች ሲያዩት ስለሚያጥር ቁመቱን ይጨምሩ። ድንጋዩን ግን ከእርከን አይንቀሉ።