ሮዝ ታይት፣ ጠይም እግር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ባሌት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የምትማርበት ቦታ ሮዝ ታይትና ሮዝ ጫማ ግዴታ ነው። ሰሞኑን በስልኬ ጥቁር የባሌት ዳንሰኞች አይታ «ማሚ፣ የእነሱ ታይት ለምንድነው ቡኒ የሆነው?» ብላ ያዘችኝ። ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለም እንደሚባሉ አንብቤ ነገርኳት፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ «እነሱ የሚጨፍሩት የአፍሪካ ጭፈራ ነው እንጂ ባሌት አይደለም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። አይቀየሙኝና ተሳስተዋል። ቡድኑ የተቋቋመው እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ዝም ለማሰኘት ነው ማለት ይቻላል። ባሌት ነው የሚጨፍሩት፣ ያውም ከባዱን።

መሥራቹ አርተር ሚቸል ኒውዮርክ ውስጥ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት ሰፈር ሃርለም የተወለደ ልጅ ነው። በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ገባ፤ በዚያ ቡድን ዋና ዳንሰኛ ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁርም እሱ ነው። የቡድኑ አለቃ ጆርጅ ባላንሺን ነበር። ከሩሲያ የመጣ ሰው ነው። ባሌት ሲባል ልዑልና ልዕልት፣ አስማትና ቤተ መንግሥት ብቻ ይመስለን ከነበረ፣ ባላንሺን ብዙውን ጊዜ ያንን ሁሉ አውጥቶ ጣለው። ፍጥነት፣ ረጅም የእግርና የእጅ መስመር፣ ሌላ ተረት የለም። ዳንሰኞቹ የልምምድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ይወጡና ሙዚቃውን በሰውነታቸው ያሳዩዎታል።

ባላንሺን በ1957 በሙዚቃ ደራሲው በስትራቪንስኪ ሙዚቃ «አጎን» የተባለውን ባሌት ሲሠራ፣ የጥንዶቹን ክፍል ለሚቸልና ለዳያና አዳምስ ሰጣቸው። እሷ ነጭ ናት፣ የቨርጂኒያ ልጅ። አንድ ቦታ ላይ እሱ መሬት ላይ በጀርባው ተዘርግቶ እጇን ይይዛል፣ እሷ በአንድ እግሯ ጣት ቆማ ሌላውን እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታለች፣ ሚዛኗ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው። አሁን ስናየው ቆንጆ ነው ብለን እናልፋለን። ያኔ ግን እሷ በተወለደችበት ግዛት ጥቁርና ነጭ መጋባት በሕግ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1967 ነው። ይህን የጥንዶች ውዝዋዜ የአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ለማሳየት የደፈረውም በ1968 ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። ሚቸል ያን ጊዜ ብራዚል ውስጥ የባሌት ቡድን ለማቋቋም እየተመላለሰ ነበር። ተወውና ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። በ1969 መምህሩ ከነበረው ካሬል ሹክ ጋር ሆኖ ሃርለም ውስጥ ትምህርት ቤቱንና ቡድኑን ጀመረ። አንድ ጋራዥ ነበረች፤ ሙቀት ሲሆን በሯን ይከፍታታል፣ የሰፈር ልጆች ቆመው ያያሉ። ወንዶቹ ታይት አንለብስም ሲሉ እሺ፣ በቁምጣችሁ ኑ አላቸው። ብልጥ ነበር! ከተመዘገቡ በኋላ ግን ቀልድ የለም፣ በዲሲፕሊን የታወቀ ቁጡ ሰው ነው። ቡድኑ በይፋ መድረክ የወጣው በ1971 ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ። ሮዝ ታይት ጌጥ አይደለም። ባሌት አውሮፓ ውስጥ ሲያድግ ለነጭ ገላ የሚቀርበው ቀለም ሮዝ ስለሆነ ነው። ዓላማው እግሩ ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ ሳይቋረጥ አንድ መስመር ሆኖ እንዲታይ ነው። ታዲያ ጠይም ልጅ ሮዝ ስታለብሱ ምን ይሆናል? ክንዷና ፊቷ ሌላ፣ እግሯ ሌላ። ከወገቧ ላይ ትቆረጣለች። ይህን ለሚቸል ያነሳችበት ከራሱ ዳንሰኞች አንዷ፣ ላንቺ ስቲቨንሰን ናት፤ በገላዋ ቀለም ታይት ልለማመድ አለችው፣ አየውና ገባው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየገላው ሆነ። አንድ ዓይነት ቡኒ ለሁሉም አይደለም ታዲያ! ጠይሟ ለብቻ፣ የቀይ ዳማዋ ለብቻ፣ ጥቁሯ ለብቻ።

ታይቱ በቀለም ተነክሮ ይደርቃል። ጫማው ነው ጣጣው። ሱቅ ያለው ሮዝ ብቻ ስለነበር፣ ዳንሰኛዋ የፊት ፋውንዴሽኗን በስፖንጅ እየነካች ሳቲኑን ትቀባለች፤ ሪባኑን ሳይቀር። እንዲህ የተደከመበት ጫማ አንዳንዴ ከአንድ ትርኢት አያልፍም። የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ ቡኒና የነሐስ ቀለም ያለው ጫማ መሸጥ የጀመረው በ2018 ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲቀቡ ኖሩ ማለት ነው።

ስልታቸውን በተመለከተ፣ መሠረቱ ባላንሺን ነው፤ «አጎን»ንም ይጨፍራሉ። ግን የድሮውንም አልተዉም። ለእኔ ምርጡ በ1984 የሠሩት «ጂዜል» የተባለው የጥንት ባሌት ነው። ዋናው ታሪክ የጀርመን ገጠር ነበር፤ እነሱ ወደ ሉዊዚያና ወሰዱት፣ ከባርነት ነፃ በሆኑ ጥቁሮች መካከል። እዚያ ትልቅና ትንሽ ቤተሰብ የሚለየው በዘውድ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ከባርነት ከወጣ ስንት ትውልድ ሆነው በሚል ነው። እርምጃው ያው የጥንቱ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። ያኔ ጂዜልን የጨፈረችው ቨርጂኒያ ጆንሰን ናት።

ይህችው ሴት ናት በኋላ ቡድኑን ያነሳችው። በ2004 ዕዳው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ 44ቱም ዳንሰኞች ተበተኑ። ትምህርት ቤቱ ብቻ ቀረ። ቡድኑ እንደገና መዞር የጀመረው በ2012 ነው፣ በ18 ዳንሰኛ። ሚቸል በ2018 አረፈ። በ2023 ኃላፊነቱን ከጆንሰን የተረከበው ሮበርት ጋርላንድም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ስለ ልጅዎ፦ አስተማሪዋን በገላዋ ቀለም መልበስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች ይፈቅዳሉ። ታይት ሲመርጡ ከእጇ ሳይሆን ከእግሯ ጋር ያስተያዩ፣ ቀለሙ ይለያያል። ጫማው ካልተገኘ ደግሞ ርካሽ ፋውንዴሽን ይበቃል፤ መጀመሪያ አሮጌ ጫማ ላይ ይሞክሩ፣ ሲደርቅ ይጠቁራል።

ለባለቤትዎ ደግሞ «ሪተርን» የተባለውን የጋርላንድን ባሌት ያሳዩዋቸው። በጄምስ ብራውንና በአሬታ ፍራንክሊን ዘፈን የተሠራ ነው። ላይ ላዩን የሰፈር ፓርቲ ይመስላል። እግሮቹን ብቻ ይመልከቱ በሏቸው።