ባቡሩ ሲቆም አብሬው አልቆምኩም፦ ከአንድ የድሬዳዋ ጡረተኛ ለወጣቶች

ይድረስ ወደ ሥራ ዓለም ገና ለምትገቡ ልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼና ለእኩዮቻቸው ሁሉ። ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ቢያስቸግረኝም ጆሮዬ አልከዳኝም፤ ጣቶቼም አኮርዲዮኑን አልረሱም።

«ዕድሜዎን የሰጡት ባቡር ቆሞ፣ ሃዲዱ ዝጎ ሲያዩት አያንገበግብዎትም?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ያንገበግበኛል፤ አልዋሻችሁም። ዳሩ ግን ባቡሩ ሲቆም እኔ አብሬው አልቆምኩም። ለምን እንዳልቆምኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። እናንተም ዛሬ የምትቀጠሩበት ድርጅት ነገ ስሙ ይለወጥ፣ ይዘጋ፣ ከሌላ ጋር ይቀላቀል አይታወቅም። ሙያችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን ከወዲሁ ለይታችሁ እወቁ። መሥሪያ ቤቱን አክብሩት፣ በሰዓቱ ግቡለት፣ ንብረቱን ጠብቁለት። ልባችሁን ግን ለሙያው ስጡት።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ወጪውን ስላከበደው ሃዲዱ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ በኩል አለፈና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ከዚራ በቀጥታ መንገዶቿና በዛፎቿ ተቆረቆረች፤ ወዲህ ደግሞ መጋላ በገበያዋና በጠባብ መንገዶቿ አደገች። እኔ የመጋላ ልጅ ነኝ። አባቴ ኤረር አካባቢ የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ በወር አንዴ ፉርጎ ላይ ተሳፍሮ ይመጣና ብርቱካን ያመጣልን ነበር።

የባቡሩ ወርክሾፕ የገባሁት በ1961 ዓ.ም.፣ ለማጅ ሆኜ ነው። ያኔ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እኔም ከአሊያንስ ትምህርት ቤት የቀሰምኩት ጥቂት ፈረንሳይኛ ጠቀመኝ። በመጀመሪያ የያዝኩት ሊማ፣ ማለትም የብረት ሞረድ ነው። ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት ሰጥተውኝ «ቀጥ አድርገው» ይሉኛል፤ ስጨርስ መልሰው ሌላ ይሰጡኛል። ወራት እንዲሁ አለፉ። ዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። አይደለም። እጅ ስንት ጊዜ ሲገፋ ስንት ብረት እንደሚበላ የሚያውቀው በዚያ መንገድ ብቻ ነው። ኋላ ቶርኖ ላይ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን ላይ ስቆም መሣሪያው ያላየውን ስህተት እጄ ያውቅ ነበር።

የመስመራችን ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ስለሚወጣ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው። በእያንዳንዱ ኩርባ የብረት ጎማው ጠርዝ ከሃዲዱ ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ያ ጠርዝ ነው ፉርጎው ከሃዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው። የሳሳውን አውርደን፣ ቶርኖ ላይ አስረን፣ ቅርፁን መልሰን እንቀርጸዋለን። ከልኩ ካነሰ ይወገዳል፤ እዚህ ላይ ልመና የለም፣ ዝምድና የለም፣ «ለአንድ ጉዞ ብቻ» የሚባል ነገርም የለም። በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ አዋሽ አካባቢ ባቡር ኩርባ ላይ ከሃዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቶርኖ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ልኬት ይቅርልኝ ብሎ አልተከራከረም። እናንተም ኮምፒውተር ላይ ብትሠሩ፣ መድኃኒት ብትመድቡ፣ የሕንፃ ብረት ብትቆጥሩ፣ ከቁጥሩ ወዲያ ተሳፋሪ እንዳለ አትርሱ።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ሥራና ሙዚቃ የሚጣሉ ይመስላችኋል። ለእኔ አንዱ ሌላውን ያስተማረ ነገር ነው።

ባቡር ገብቶ ሲቆም እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘን እያንዳንዱን ጎማ መታ እናደርጋለን። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። የተሰነጠቀው ይታፈናል፣ ወዲያው ይጠፋል። ያስለመደኝ ሽማግሌ «ዓይንህን ጨፍን» ይለኝና ራሱ እየመታ ይፈትነኝ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ማታ ማታ ጎረቤታችን ዑድ ሲቃኙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አመሽ ነበር። ክሩ ትንሽ ሲረግብ፣ ትንሽ ሲከር፣ ድምፁ የቱ ጋ እንደሚሄድ ጆሮዬ ለምዶታል። ስለዚህ ጎማው ሲታፈን ቶሎ ለየሁት። ሽማግሌው ገርሟቸው «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ ዑዱን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምርመራ ሲወጡ ይጠሩኝ ጀመር። ዛሬ ስንጥቅ የሚፈለገው ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ነው ይሉኛል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ብረቱን የሚያናግረው አሁንም ድምፅ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ዑዱን ግን አልገፋሁበትም፤ ልቤ አኮርዲዮን ላይ ወደቀ። የገዛሁት በዕቁብ ነው። መንፊያው ሲቀደድ፣ ውስጡ ያለው የብረት ምላስ ሲሰበር፣ ራሴ እጠግነው ነበር፤ ለባቡር ያሠለጠንኩት እጅ ለእሱም ሠራ።

በድሬዳዋ ሠርግ የሚጫወት ሰው ቋንቋ መምረጥ አይችልም። በአንድ ድንኳን ውስጥ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ ይቀመጣል። የአንዱን ዘፍነህ የሌላውን ከተውክ ግማሹ ሰው ሳይነሳ ያድራል። ዓሊ ቢራ ከዚህችው ከተማ ወጥቶ፣ በ1950ዎቹ በተመሠረተው አፍረን ቀሎ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ገና በልጅነቱ ጀምሮ፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማልኛም፣ በዓረብኛም መዝፈኑ ሌላውን ያስደንቅ ይሆናል። እኛ ግን የመንደራችን ወግ አድርገን ነው ያየነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያርፍ በየቤቱ ሰው በየቋንቋው ነው ያለቀሰው። እኔም የሶማልኛ ግጥም የተማርኩት ከሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፉርጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ እሱ ትርጉሙን እየነገረኝ፣ እኔ አጠራሬን እያረምኩ። ስለዚህ ልጆቼ፣ የጎረቤታችሁን ቋንቋ ተማሩ። በዘፈኑ ጀምሩ፤ ሰው ዘፈኑን ስትሞክሩለት አጠራራችሁን በደስታ ያርምላችኋል።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበር፤ እዚያም ተጫውቻለሁ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሠርግ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። አኮርዲዮኑን አውርጄ ትንሽ ሳሸልብ ይቀሰቅሱኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ ጠዋት በቀጥታ ወደ ወርክሾፕ። በ1969 ነሐሴ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስና የመስመሩ ድልድዮች ሲፈርሱ ግን ዘፈኑም ሥራውም ተቋረጠ። መስመሩ እንደገና ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ነገር የነጋዴ ሴቶቹ መመለስ ነው። ከጅቡቲ ጨርቅ፣ ሬዲዮ፣ ካሴት ይዘው ሲመጡ ከተማው ነፍስ ዘራ። ባቡር ለእኛ ብረት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ የስንቱ እናት ጓዳ በእሱ ላይ ቆሞ ነበር።

ስለ ቤተሰብ አጭር ልበል፤ ባለቤቴ ብዙ እንዳወራ አትወድም። ሐረር ነው የተወለደችው፤ የተገናኘነው ሠርግ ላይ ነው፣ እኔ ስጫወት እሷ የሙሽራዋ ሚዜ ሆና። ደመወዝና የሙዚቃ ገንዘብ አንቀላቅልም ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለዕድርና ለዕቁብ። ሠርግ ላይ ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ሽልማት ሳይሸራረፍ ለልጆች ደብተርና ጫማ። ይህን የወሰነችው እሷ ናት፤ ምክንያቷም «የደስታ ገንዘብ ለሚያድግ ነገር ይሁን» የሚል ነበር። ሦስት ልጆች በዚህ ተማሩ። አንዷ ቶሮንቶ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። የትዳር ጓደኛ ስትመርጡ ስለ ገንዘብ ሳትፈሩ ልታወሩት የምትችሉትን ሰው ምረጡ። ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይለመዳል።

ጡረታ የወጣሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር ከቆመ ቆይቷል። ድልድዮቹ አርጅተዋል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አልተገኘም። ጓደኞቼ ብዙዎቹ ጠዋት ተነስተው፣ ለብሰው፣ ወደ ጣቢያው በር ይሄዱና ቆመው ይመለሱ ነበር። አልፈርድባቸውም። እኔን የያዘኝ ሙያው ነው። ጡረታ በወጣሁ ማግስት የወፍጮ ቤት ባለቤት ኩሽኔታ ተሰብሮበት መጣ፤ ሠራሁለት። ከዚያ የባጃጅ አክስል፣ የውሃ ፓምፕ፣ የዳቦ ቤት ማሽን። አሁን ከቴክኒክና ሙያ የሚመጡ ልጆች አሉኝ። ከእነሱ ጥቂቶቹ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪኩ ባቡር ላይ ለመቀጠር ይፈልጋሉ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ቢሆንም፣ ሃዲዱ ከእኛ የሰፋና ፍጥነቱ ከእኛ የበለጠ ነው፤ ሲያልፍ ሳየው ኮራሁ እንጂ አልቀናሁም። ልጆቹን አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ስክሪኑ «ደህና ነው» ሲላችሁ ራሳችሁ ወርዳችሁ እዩ፣ ንኩት፣ ስሙት። መሣሪያው የሚነግራችሁ እንዲነግራችሁ የተሠራበትን ብቻ ነው።

የጡረታ አበል ትንሽ ናት። ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜያችሁ፣ ከደመወዛችሁ ሌላ፣ እጃችሁ የሚያውቀው ሥራና ሰው የሚሰበስብ ነገር ይኑራችሁ። ሰው የሚሰበስበው ነገር ሙዚቃ መሆን የለበትም። ባልደረባዬ የነበረ አንድ ሰው ቼዝ ያስተምራል፤ ሌላው የሰፈር ልጆችን ኳስ ያሠለጥናል። ሁለቱም ቤት ግን ሰው አይጠፋም።

ስለ አገር ልጅነት የምለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙዎቻችሁ ሩቅ ስለሆናችሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጠዋት ጭቃ የቆፈርነው እዚህ ያለነው ነን። ብርድ ልብስና ምግብ የገዛው ግን ብዙው ገንዘብ ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ነበር የመጣው። ሁለቱም ያስፈልጋል። ገንዘብ መላክ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሰው ቤት ጉልበት የወጣ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ለቅሶና ሠርግ ሳይጠራችሁም ኑ። ሰው በለቅሶና በሠርግ ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ያስተናግደዋል እንጂ አያወራውም። በተራ ቀን ስትመጡ ነው የጎረቤታችሁ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ አስተማሪያችሁ ዓይናቸው እንደደከመ፣ የቱ ልጅ ደብተር እንዳጣ የምታዩት።

ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። የቶሮንቶዋ የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መመለስ ታፍራለች። ክረምት ላይ መጥታ አኮርዲዮኑን ስትነካካ አገኘኋትና አንድ የሐረሪ ዜማ አስተማርኳት። አሁን በስልክ ትጫወትልኛለች፤ ሲበላሽባት ቆም ብላ «አባባ፣ ይኼ ጋ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ በአማርኛ።

አንድ ሥራ ደግሞ ልስጣችሁ፤ በዚህ ወር የምትችሉት ነው። ሁላችሁም እጅ ላይ የሚቀዳ ስልክ አለ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የድሮ ዘፈን፣ የሠርግ ግጥም፣ የሥራ ዜማ የሚያውቁ አዛውንት ፈልጉ። ቅዱ። ግን ድምፁን ብቻ ቀድታችሁ አትሂዱ። ማን እንደዘፈነው፣ ከማን እንደተማረው፣ በየትኛው ሰፈር፣ በምን ሠርግ ወይም ሥራ ላይ እንደተዘፈነ፣ ዓመቱ ቢታወስ ዓመቱን፣ የማይገባችሁ ቃል ካለም ትርጉሙን ጠይቃችሁ ጻፉ። የፋይሉን ስም በቀኑና በሰውየው ስም አስቀምጡት፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ። እኔ ቤት በቁም ሣጥን የተቀመጡ ካሴቶች አሉ፤ ግማሾቹ ላይ ማን እንደሚዘፍን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ድሬዳዋ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉና አብረን እንስማቸው፤ የአንዱን ድምፅ እንኳ የሚለይ እናት ወይም አያት ካላችሁ ይዛችኋቸው ኑ።